ለዘር የሚሆን ኮርማ አመራረጥ፤ ለጨፋ ሮቢትና አካባቢው ከብት አርቢዎች

የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከሚገኙ ዋና ዋና የግጦሽ ቦታዎች አንዱ ነው። በበጋ ወራት የአካባቢው ከብቶች ከአፋርና ከሌሎች አጎራባች ቦታዎች ከሚመጡ መንጋዎች ጋር በአንድ ሜዳ ይሰማራሉ። በዚህ ጊዜ የትኛው ኮርማ የትኛዋን ላም እንዳጠቃ ለማወቅ አዳጋች ይሆናል። በሌላ በኩል ፈጥኖ የሚያድገው ወይፈን ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ቀድሞ ለገበያ ይቀርባል፤ ወይም ለእርሻ ይኮላሻል። መንጋውን የሚያጠቃው ገዥ ያጣው ይሆናል ማለት ነው። ይህ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም የመንጋው ዘር ይዳከማል።

ምርጫውን ከዓይን ግምት የሚያወጣው መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ጥጃ የጆሮ ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን፣ የእናቱ ማንነት፣ ከታወቀም የአባቱ፣ የልደት ክብደትና ጡት ሲጥል የተመዘነው ክብደት ይመዘገባል። ሚዛን በሌለበት የደረት ዙሪያን በሜትር ለክቶ ክብደትን መገመት ይቻላል።

ክብደት ብቻውን ግን ያሳስታል። ለአብነት ሁለቱም ሲወለዱ 20 ኪሎ ግራም የነበሩ ሁለት ወይፈኖች ይወሰዱ። አንደኛው በ240 ቀኑ 92፣ ሁለተኛው በ200 ቀኑ 86 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በዓይን የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው። በብዙ አገሮች እንደሚሠራበት ሁለቱም ወደ 205 ቀን ዕድሜ ሲሰሉ ግን የመጀመሪያው 81.5፣ ሁለተኛው 87.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የጨመረው ክብደት ለቀኑ ብዛት ይካፈላል፣ በ205 ይባዛል፣ የልደት ክብደቱ ይደመርበታል። ንጽጽሩ የሚሠራው በአንድ ወቅት ተወልደው በአንድ ዓይነት ግጦሽ ባደጉ ጥጆች መካከል ብቻ ነው፤ በክረምት ሣር ያደገን ከበጋ ጥጃ ጋር ማወዳደር ዘርን ሳይሆን መኖን መለካት ነው።

የዘረ-መል ግምት ከዚህ አንድ እርምጃ ይርቃል። የእንስሳውን የራሱን ውጤት ከወላጆቹ፣ ከወንድሞቹና ከልጆቹ መረጃ ጋር አጣምሮ ለትውልድ የሚያስተላልፈውን ያሰላል። የአንድ ኮርማ የዘር ብልጫ 10 ኪሎ ግራም ተብሎ ቢገመት፣ ጥጃው ከአባቱ የሚወስደው ግማሹን በመሆኑ የሚጠበቀው በአማካይ 5 ኪሎ ግራም ነው። ከግምቱ ጋር አስተማማኝነቱን የሚያሳይ ከ0 እስከ 1 የሆነ ቁጥር ይሰጣል፤ ብዙ ልጆቹ የተመዘኑለት ኮርማ ወደ 1 ይጠጋል። በደም ወይም በፀጉር ናሙና የሚደረገው የዘረ-መል ምርመራም ቢሆን በሺዎች በሚቆጠሩ እንስሳት መዝገብ ላይ ካልተመሠረተ ዋጋ የለውም። በመሆኑም መሣሪያው ከመምጣቱ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ደብተሩ ነው።

በጋራ መሥራት እንደሚቻል የበግ አርቢዎች አሳይተዋል። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ አርቢዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ጠቦቶችን እየመዘኑ ምርጥ አውራዎችን ለጋራ አገልግሎት ሲያስቀሩ ቆይተዋል። በከብት ሥራው ይዘገያል፤ ላም በዓመት አንድ ጥጃ እንኳ የማትወልድበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢሆንም ጎረቤታሞች ተስማምተው አንድ ወይፈን ሳይሸጥና ሳይኮላሽ ቢያስቀሩ፣ የቀሩትን ደግሞ በጊዜ ቢያኮላሹ መነሻ ይሆናል። የተመረጠው ኮርማ የራሱ ልጆች የሆኑት ጊደሮች ለጥቃት ከመድረሳቸው በፊት ወደ ሌላ መንጋ መዛወር ይኖርበታል።

አገልግሎቱን የሚፈልግ አርቢ በቀበሌው ለሚገኘው የእንስሳት ልማት ጣቢያ ባለሙያ ወይም ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። ሲቀርብም የጥጆቹን የልደት ቀንና የእናቶቻቸውን ዝርዝር ይዞ ቢመጣ ሥራው ይፋጠናል። በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል የሚፈልግ፣ ላሟ የፍላት ምልክት ጠዋት ካሳየች በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ካሳየች በማግስቱ ጠዋት ለአዳቃይ ባለሙያው እንድትቀርብ ያደርጋል፤ የተጠቀመበትን የኮርማ ቁጥርም ጠይቆ ይመዘግባል።