አብሮ አደጎች፤ ከተሬዚን የተረፉ ስድስት ሕፃናት ሰውን ማመን እንደ ምን እንደ ተማሩ

የዝምድና ሥርዓት ብዙውን ጊዜ የሚጠናው ከወላጅና ከልጅ ግንኙነት ተነሥቶ ነው። ሕፃን በመጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎም አባቱን ያውቃል፤ ከእነርሱም ሰውን ማመን ተምሮ ወደ ወንድሞቹና ወደ እኅቶቹ፣ ከዚያም ወደ ጎረቤትና ወደ ባልንጀራ ይሻገራል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ቅደም ተከተል የተፈጥሮ ሕግ መስሎ ስለሚታይ ማስረጃ የሚጠይቅበት ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ማንም ተመራማሪ አስቦ ሊያደርገው በማይገባ ጭካኔ፣ ታሪክ ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠበት ጊዜ አለ። በ1945 ዓመተ ምሕረት (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከናዚ እስር ወጥተው ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰዱ ስድስት አይሁዳውያን ሕፃናት፣ ወላጅን ሳያውቁ ባልንጀራን ዐወቁ፤ ዐዋቂን ሰው ማመን የተማሩትም በባልንጀርነታቸው በኩል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ ማስረዳትና ከእርሱ የሚገኘውን ትምህርት መመርመር ነው።

ተሬዚን ከፕራግ በስተ ሰሜን የምትገኝ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራች የምሽግ ከተማ ናት። በ1941 ዓ.ም. መጨረሻ ናዚዎች ከተማዪቱን የአይሁድ ማጎሪያ አደረጓት። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ 140,000 ያህል ሰዎች ወደዚያ ተወሰዱ፤ ከእነዚህም 33,000 የሚሆኑት በረኃብና በበሽታ እዚያው አለቁ፤ 88,000 የሚሆኑት ደግሞ ወደ አውሽቪትስና ወደ ሌሎች የመግደያ ስፍራዎች ተላኩ። ይህ ጽሑፍ የሚተርክላቸው ስድስት ሕፃናት፣ ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ በ1941 እና በ1942 በበርሊንና በቪየና የተወለዱ ናቸው። አብዛኞቹ ወደ ተሬዚን የገቡት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። ወላጆቻቸው ከእነርሱ ተለይተው ስለ ጠፉ፣ እናት የሌላቸው ሕፃናት በሚጠበቁበት ክፍል ውስጥ ተቀመጡ።

በዚያ ክፍል የሚያገለግሉት ሴቶች ራሳቸው እስረኞች ነበሩ። ሥራ የበዛባቸውና ምግብ ያነሳቸው ከመሆናቸውም በላይ፣ ከእነርሱ ማንኛዋም ሴት በማናቸውም ቀን ወደ ምሥራቅ በሚሄደው ባቡር ልትጫን ትችል ነበር። ስለዚህ ለእነዚህ ሕፃናት የዐዋቂ ሰው ፊት ማለት መጥቶ የሚጠፋ ፊት ማለት ነበር። መጫወቻ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ከቤት ውጭ የሚያውቁትም ባዶ ግቢ ብቻ ነበር። ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም በቦታው የሚገኘው ከአጠገባቸው የሚተኛው ሌላው ሕፃን ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አማርኛ «አብሮ አደግ» ብሎ ይጠራዋል። ቃሉ የሥጋ ዝምድናን አያመለክትም፤ ዘመድ ሳይሆን ባዳ ሳይባልም የሚኖረውን፣ በአንድ ደጅ አብሮ በማደግ ብቻ የተገኘውን ሰው ያመለክታል። የስድስቱ ሕፃናት ሀብት ይህ ብቻ ነበር።

ተሬዚን በግንቦት 1945 ነፃ ከወጣች በኋላ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ከማጎሪያ የተረፉ 1,000 ሕፃናትና ወጣቶች ወደ አገሩ እንዲገቡ ፈቀደ። ይሁን እንጂ በመጨረሻ ሊገኙ የቻሉት 732 ብቻ ነበሩ፤ ይህ ቍጥር ራሱ የእልቂቱን መጠን ይመሰክራል። የመጀመሪያዎቹ 300 ያህል በነሐሴ 1945 በጦር አውሮፕላኖች ከፕራግ ተነሥተው በሰሜን እንግሊዝ ወደሚገኘው ወደ ዊንደርሚር ሐይቅ አካባቢ ደረሱ። የሚበዙት በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ ልጆች ናቸው። እነዚህ በማዕድ የተረፈውን ዳቦ፣ ነገ አይሰጠን ይሆናል በማለት፣ በየአልጋቸው ይደብቁ ነበር። አለማመናቸው ከሚያስታውሱት ነገር የመጣ ነው፤ ቀድሞ ቤት፣ እናትና አባት ነበራቸው፤ ስለዚህ ያጡትን ያውቁታል። ከጦርነቱ በፊት፣ በ1938 እና በ1939፣ ወላጆቻቸው በባቡር ጣቢያ ተሰናብተዋቸው ወደ እንግሊዝ የመጡት 10,000 ያህል ሕፃናትም እንዲሁ ነበሩ። ስድስቱ ሕፃናት ግን ያጡትን አያውቁም ነበር። ለእነርሱ እምነት ተሰብሮ የሚጠገን ዕቃ ሳይሆን፣ ገና ከመጀመሪያው ያልተሠራ ነገር ነበር።

በጥቅምት 1945 ስድስቱ ሕፃናት በሰሴክስ አውራጃ፣ በዌስት ሆትሊ መንደር ወደሚገኘው ቡልዶግስ ባንክ ወደሚባል ቤት ተወሰዱ። ዕድሜያቸው በሦስትና በአራት ዓመት መካከል ነበር። የአጠባበቃቸውን ጕዳይ በበላይነት የተመለከቱት፣ የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ የሆኑት ወይዘሪት አና ፍሮይድ ናቸው። ወይዘሪት አና በ1938 ከአባታቸው ጋራ ከቪየና ተሰደው ለንደን የገቡ ሲሆኑ፣ በጦርነቱ ጊዜ ለሕፃናት ማሳደጊያ አቋቍመው ሠርተዋል። በቪየና የቀሩት አራቱ አክስቶቻቸው በ1942 ወደዚያችው ወደ ተሬዚን ተወስደው ከእልቂቱ አልተረፉም። በቤቱ ውስጥ ሕፃናቱን ቀን ከሌት የጠበቁት ሶፊ ዳንና ገርትሩድ ዳን የተባሉ እኅትማማቾችም ከጀርመን አገር ከአውግስቡርግ ከተማ የተሰደዱ አይሁዳውያን ናቸው። እንግዲህ ጠባቂዎቹም ተጠባቂዎቹም ስደተኞች ነበሩ። ወይዘሪት አና ፍሮይድ ከሶፊ ዳን ጋራ ሆነው የአንዱን ዓመት ትዝብት በ1951 በጽሑፍ አወጡ፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም በዚሁ ትዝብት ላይ የተመሠረተ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጠባቂዎቹ እጅግ አስቸጋሪ ነበሩ። ሕፃናቱ የተሰጣቸውን መጫወቻ ሰባበሩ፤ የቤቱንም ዕቃ አበላሹ። ዐዋቂ ሰው ወደ ክፍሉ ቢገባ ወይም ቢወጣ ነገሬ አይሉትም ነበር። በተቈጡ ጊዜ ይነክሳሉ፣ ይተፋሉ፣ ይመታሉ። የሚያስፈልጋቸው ነገር ሲኖር ወደ ጠባቂዪቱ ይቀርባሉ፤ ጕዳያቸው ሲፈጸም ግን ሰውዪቱ ለእነርሱ እንደሌለች ትሆናለች። ይህን ብቻ የተመለከተ ሰው፣ ልጆቹ ፍቅርን ፈጽመው የማያውቁ አውሬዎች ናቸው ብሎ ሊፈርድ ይችል ነበር።

ነገር ግን እርስ በርሳቸው የነበራቸው ጠባይ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነበር። አንዱን ከሌሎቹ ለጥቂት ጊዜ እንኳ መለየት አይቻልም ነበር፤ ከመካከላቸው የታመመ በአልጋ ሲውል ጓደኞቹን ሳያቋርጥ ይጠይቃል፤ እነርሱም ስለ እርሱ ይጨነቃሉ። በጕዞ ላይ አንዱ ወደ ኋላ ቢቀር ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል። በማዕድ ጊዜ ራስ ከመጕረስ ይልቅ ለጎረቤት ማቀበል ይቀድማል። በሌሎች ሕፃናት ዘንድ የተለመደው ቅናትና ሽሚያ በእነርሱ መካከል እምብዛም አልታየም። አለቃ የሚሆንባቸውም አልነበረም፤ ሁሉም እኩል ነበሩ። ይህ ማለት ግን ጠብ የላቸውም ማለት አይደለም፤ በማዕድ ላይ የቃል ጥል ተነሥቶ በጩኸት የሚያልቅበት ጊዜ ነበር።

ጠባቂዎቹ ከመዘገቧቸው ነገሮች ጥቂቶቹን መጥቀስ ይበቃል። ከሕፃናቱ አንዱ የእጅ ሹራቡ በጠፋበት ጊዜ፣ ሌላው የራሱን አውልቆ አበደረው፤ የገዛ እጁ ቢበርደውም አላጕረመረመም። ሕፃናቱ ውሻን እጅግ ይፈሩ ነበር፤ አንድ ቀን ውሻ ወደ እነርሱ ሲመጣ፣ ከሴቶቹ አንዲቱ ራስዋ እየተንቀጠቀጠች፣ ወደሚጮኸው ጓደኛዋ ሄዳ የአሻንጕሊት ጥንቸልዋን ሰጠችው። በሌላ ጊዜ በባሕር ዳር ሳሉ፣ ማዕበሉን ከመፍራቱ የተነሣ ወደ ውሃው መጠጋት የማይደፍር ሕፃን፣ ጠጠር ስትወረውር የነበረችው ጓደኛው የምትወሰድ ስለ መሰለው፣ ሮጦ ወደ ኋላ ጐተታት። ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ የራሱን ፍርሃት ትቶ ለባልንጀራው ፍርሃት ሲራራ ማየት፣ ወላጆች ባሉበት ቤት እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

ዋናው ነጥብ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ሕፃናቱ ወደ ዐዋቂዎቹ መቅረብ በጀመሩ ጊዜ፣ ልጅ ወደ እናቱ እንደሚቀርብ አልቀረቡም። በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጠባቂዎቹን ከማኅበራቸው መቍጠር ነው። ምግብና ጣፋጭ ሲከፋፈል ዐዋቂዪቱም ድርሻዋን እንድታገኝ ይከራከሩ ጀመር፤ በሥራዋ ሊረዷት ፈለጉ፤ በምላሹም እንድትረዳቸው ጠበቁ፤ ስሜቷንም ይጠነቀቁላት ጀመር። ማለትም እርስ በርሳቸው የሚኖሩበትን የእኩልነት ሕግ ወደ እርስዋ ዘረጉት። ለየብቻ አንዲቱን ጠባቂ የእኔ ብሎ መያዝ፣ ስትሄድም ማዘን የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ ከእርሱም ጋራ ቅናቱ መጣ። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ውስጥ ይህ አዲስ ፍቅር የእርስ በርስ ፍቅራቸውን ያህል ኀይል አላገኘም። በዚህም መካከል የቀድሞ ቋንቋቸውን ትተው እንግሊዝኛን ተማሩ።

ይህ ታሪክ በታወቀበት በ1951፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦልቢ ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረቡት ጥናት፣ ሕፃን ከእናቱ ወይም ከእናት ምትክ የሚያገኘው የማያቋርጥ ፍቅር ለአእምሮ ጤንነቱ እጅግ አስፈላጊ መሆኑን አስረድተው ነበር። የስድስቱ ሕፃናት ነገር ይህን አሳብ ይሽራል ማለት አይቻልም። ሕፃናቱ ዕረፍት የሌላቸው፣ በቀላሉ የሚቈጡና ለማሳደግ የሚያስቸግሩ ነበሩ፤ የእናት እጦት በእነርሱ ላይ የጣለው ምልክት ግልጽ ነው። ነገር ግን ወይዘሪት አና ፍሮይድና ሶፊ ዳን እንደ መሰከሩት፣ አእምሯቸው የጠፋ ወይም ወንጀለኞች የሚሆኑ ልጆች አልነበሩም። ፍቅራቸውን የሚያኖሩበት ስፍራ በባልንጀሮቻቸው ዘንድ ስላገኙ፣ በዚያ ላይ ቆመው አዲስ አገርና አዲስ ቋንቋ ሊቀበሉ ቻሉ።

በእርግጥ ማስረጃው ወሰን አለው። ልጆቹ ስድስት ብቻ ናቸው፤ ትዝብቱ የአንድ ዓመት ነው፤ የጻፉትም ዐዋቂዎች እንጂ ሕፃናቱ አይደሉም። የተመልካቾቹ ሙያም ለእናት ፍቅር ከፍ ያለ ስፍራ ከሚሰጥ ትምህርት የመጣ ነው። ነገር ግን ይህ የመጨረሻው ነጥብ ምስክርነቱን ያጠነክረዋል እንጂ አያደክመውም፤ ከትምህርታቸው የሚጠብቁትን ሳይሆን ያዩትን ጽፈዋልና።

በ1946 መኸር ቡልዶግስ ባንክ ሲዘጋ፣ ሕፃናቱ በሊንግፊልድ አቅራቢያ አሊስ ጎልድበርገር ያስተዳድሩት ወደነበረው ማሳደጊያ ተዛወሩ። ከጊዜ በኋላ ከመካከላቸው በጉዲፈቻ ወደ ቤተ ሰብ የገቡ አሉ። አሜሪካዊት ተመራማሪ ሣራ ሞስኮቪትስ በአሊስ ጎልድበርገር እጅ ያደጉትን 24 ሰዎች በጕልማሳነታቸው ፈልገው ካነጋገሩ በኋላ፣ በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ብዙዎቹ ሠርተው የሚኖሩና ለሌላው የሚራሩ ሰዎች ሆነው እንደ ተገኙ ገልጸዋል። ሆኖም በየሄዱበት የውጭ ሰው ነኝ የሚለው ስሜት እንዳልለቀቃቸው አልሸሸጉም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ለዝምድና ጥናት ነው። እምነት ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ ከአሳዳጊ ወደ ልጅ ብቻ አይወርድም፤ ከጎንም ይበቅላል። ባልንጀርነት የወላጅ ፍቅር ቅጥያ ነው ተብሎ የሚታሰበው፣ ወላጅ ባለበት ቤት ስለሚጠና ነው፤ ወላጅ በጠፋበት ግን ባልንጀርነት ራሱ መሠረት ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛው ስደተኛን ሕፃን ለሚቀበሉ ሁሉ ነው። ቅን ልብ ያላቸው ሰዎች ወላጅ አልባ ልጅ ሲያዩ የሚያስቡት ስለጎደለው ነገር፣ ይኸውም ስለ እናት፣ ስለ አባትና ስለ ቤት ነው። ይህንንም ለመስጠት ሲቸኵሉ፣ ልጁ ይዞት የመጣውን፣ አብሮት የተረፈውን ባልንጀራ ሊለዩበት ይችላሉ። የቡልዶግስ ባንክ ጠባቂዎች ብልኅነት ስድስቱን አብረው በማኖራቸውና፣ ልጆቹ ራሳቸው በሩን እስኪከፍቱላቸው ድረስ በደጅ በመጠበቃቸው ነው። በሩ ሲከፈትም የገቡት እንደ እናት ሳይሆን፣ ድርሻው ተለክቶ እንደሚሰጠው እንደ ሰባተኛ ባልንጀራ ነበር።