ባለማኅተሙ ምክር ቤትና የተራው ሸንጎ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማወጋችሁ የንግድ ምክር ቤትን ነገር ነው። ምክር ቤቱ ያለው ሜክሲኮ አደባባይ ነው፤ እኔ ግን ከሶማሌ ተራ እነሣለሁ። ምክንያቱን ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን የማያውቅ ባለመኪና የለም። ኮፈኑ ባንድ ወገን፣ ፓራፋንጎው በሌላ ወገን ተደርድሮ፣ ካምቢዮው ከነዘይቱ መሬት ላይ ተዘርፍጦ፣ ካንዴላና ኩሽኔታው መደርደሪያ ሞልቶ፣ ገና እግራችሁ ሲገባ «ምን ልስጥህ ወንድሜ? የምን መኪና ነው?» ትባላላችሁ። ማታ የተነቀለ ስፖኪዮ ጠዋት እዚያው ይገኛል የሚለውን ቀልድማ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የተራውን ሰው ሲያስቀውም ሲያስቆጣውም ኖሯል፤ በአንዱ እጅ ሁሉ መታማቱ ነዋ!

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማየት ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። መርካቶ ገና ሳይፈጠር የአዲስ አበባ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። የገበያው ጌታ ነጋድራሱ ነው፤ ቀረጥ ይሰበስባል፣ ነጋዴና ነጋዴ ሲካሰስም ይዳኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ የንግዱንም የውጭ ጉዳዩንም ሥራ የሰጡት ለአዲስ አበባው ነጋድራስ ለኃይለ ጊዮርጊስ ነበር። ነጋድራስነት ምን ያህል ከባድ ወንበር እንደነበረ ከዚህ ገምቱ። ግን ልብ በሉ፤ ነጋድራስ የመንግሥት ሹም ነው። ነጋዴው ቅር ያለው እንደሆነ አቤት የሚለው ለዚያው ለሚቀርጠው ሰው ነበር።

ጣሊያን መጣ። ከተማውን በዘር ከፋፍሎ፣ አራዳን ለነጭ አደረገና የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ ያኔ ተተከለ። ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ገበያው እዚያው ቀረ፤ በየሸቀጡና በየሰዉ ተራ ተራ እየያዘም ሰፋ።

ማኅተም ያለው ምክር ቤት የመጣው ከዚህ በኋላ፣ በ1939 ነው። ሐሳቡ የፈረንጅ ነው፤ የማርሴይ ነጋዴዎች በእነሱ አቆጣጠር በ1599 የራሳቸውን ምክር ቤት አቁመው ነበር። በእኛም አገር ነጋዴው ከመንግሥት ፊት የሚቆምለት፣ ከውጭ ነጋዴ የሚያገናኘው፣ ዕቃው የየት አገር ስሪት እንደሆነ የሚመሰክር ወረቀት የሚሰጠው ቤት አገኘ። ደርግ ሲመጣ የግል ነጋዴ ካፒታል በአዋጅ ጣሪያ ተበጀለት፤ ምክር ቤቱም በ1970ዎቹ መግቢያ በአዋጅ ቁጥር 148 እንደገና ተዋቀረ። ነጋዴ መሆን በሚያሳፍርበት ዘመን የነጋዴ ምክር ቤት ምን ድምፅ ይኖረዋል? በ1995 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 341 ወጣ፤ የዘርፍ ማኅበራትም ገቡበት። ዛሬ የአዲስ አበባው ምክር ቤት የንግድ ትርዒት ያዘጋጃል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ የግልግል ዳኝነት ተቋምም አለው። መልካም ነገር ነው፤ በውል ለተያያዘ አስመጪ ከፍርድ ቤት ምልልስ ያድናል።

የሶማሌ ተራው ባለሱቅ ግን ውሉ አፉ ነው። አንዱ ያገለገለ ሞተር «ሞክረህ አምጣ» ብሎ ይሸጣል፤ በሳምንቱ ገዢው «ነጭ ጭስ ያጨሳል» ብሎ ይመለሳል። ሻጩ «አንተ ነህ ያለ ውኃ ነድተህ ያቃጠልከው» ይላል። ይህን ማን ይዳኘው? ሜክሲኮ ድረስ የሚሄድ የለም። አንድ ሁለት ነባር ነጋዴዎች፣ ሁለቱም ወገን የሚያምነው መካኒክ ተጨምሮ፣ ከሱቁ ደጃፍ ይቀመጣሉ። ቴስታው ተከፍቶ ይታያል። ክፍያውን ይካፈላሉ፣ ወይም ሌላ ሞተር ይቀየራል፣ ሻይ ይጠጣል። እምቢ ያለ ሰው አይታሰርም፤ ግን በማግሥቱ የጎረቤት ሱቅ ዕቃ በዱቤ አያወጣለትም፣ በዕቁብም ዋስ አያገኝም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከዚህ የበለጠ የሚፈራ ቅጣት በነጋዴ አገር የለም። ዕቁቡም ቢሆን ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፤ ባንክ መያዣ ሲጠይቅ ዕቁብ የሚጠይቀው ስምን ነው።

ይህ ሸንጎ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስታርቃል፤ ከመንግሥት ጋር ሲሆን ግን እጁ ያጥራል። ኅዳር 2017ን አስታውሱ። የደረሰኝ ቁጥጥር ጠበቀ፤ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬም ነፈሰ። ባለሥልጣናቱ ሐሰት ነው ቢሉም መርካቶ ላይ ብዙ ሱቅ ተዘጋ። የቸርቻሪው ሙግት አጭር ነበር፦ «አስመጪውና አከፋፋዩ ያለ ደረሰኝ ሸጠውልኝ እኔ ከየት አምጥቼ ልቁረጥ?» ግብር ሰብሳቢውም እውነት አለው፤ ያለ ደረሰኝ የተሸጠ ዕቃ ግብሩ የሚሰወረው እዚያው ነው። ታዲያ ሰንሰለቱን ከላይ ጀምሮ የሚያስፈትሽ፣ ሁለቱን ወገን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ማን ነው? በወረቀት ከሆነ ይህ ዋናው የምክር ቤት ሥራ ነው። በዚያ ሰሞን ግን የነጋዴው አቤቱታ የተሰማው በተዘጋ በር ነው።

በሶማሌ ተራ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከተጋጨ መኪና የተፈታ ባሌስትራ የማን ደረሰኝ ይኖረዋል? ሻጩ ባለመኪናው ነው፤ ንግድ ፈቃድ የለውም። ለአሮጌ ዕቃ የሚሆን የግዢ ሰነድ ቢበጅ፣ ሻጩ መታወቂያና ሊብሬ አሳይቶ ቢፈርምበት፣ ግብሩም ይያዛል፣ ያ የስፖኪዮ ሐሜትም ይቀንሳል። ይህን አርቅቆ ለገቢዎች ቢሮ ማቅረብ ለባለማኅተሙ ምክር ቤት የሳምንት ሥራ ነው፤ ለተራው ሽማግሌዎች ግን ማመልከቻውን በየትኛው በር እንደሚያስገቡት እንኳ ግልጽ አይደለም።

ጥር 2016 ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተወሰነ። በምትኩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ካንዴላ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው። አሮጌዎቹ ቶዮታዎች እስካሉ ተራው ይሠራል፤ እንዲያውም መለዋወጫቸው ይወደድ ይሆናል። ባትሪ መፍታትን ለተራው ልጆች የሚያስተምር ሥልጠና ግን ከአሁኑ ካልተጀመረ ሥራው ለሌላ ያልፋል። ሥልጠና አዘጋጃለሁ የሚለው ቤት ከሶማሌ ተራ በተክለ ሃይማኖት በኩል ቁልቁል ሲወርዱ ቅርብ ነው፤ በእግርም ይደረሳል።