አባ ተስፋ ጽዮንና በሮም የታተመው የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን

ክርስቲያን የሆነ ጸሐፊ ሥራውን ለኅትመት በሚያዘጋጅበት ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። አንደኛው፤ ጽሑፌ ለማላውቀው አንባቢ በምን መንገድ ይደርሳል? የሚል ነው። ሁለተኛው የኅሊና ጥያቄ ነው፤ ለእግዚአብሔር ክብር ባዘጋጀሁት ሥራ ላይ ስሜን ማኖር ይገባኛልን? ስሕተትስ ቢገኝበት ኀላፊው ማን ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬ የተነሡ አይደሉም። ከአራት መቶ ሰባ ዓመታት በፊት አንድ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ በሮም ከተማ ሁለቱንም በሥራ መልሰዋቸዋል። እኒህ ሰው አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። ታሪካቸው ለደራሲም፣ ለመምህርም፣ ለተማሪም የሚጠቅም ስለ ሆነ በአጭሩ እናቀርበዋለን፤ ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በብራና ዘመን ከሊቃውንቶቻችን ብዙዎቹ ስማቸውን ሳይገልጹ ይደርሱ ነበር። የጸሐፊው ስም የተነሣ እንደ ሆነም፤ የጻፈውንና ያስጻፈውን፣ ያነበበውንና የሰማውን በጸሎት አስቡ በሚል ልመና መካከል ነበር። መጽሐፍ የሚበዛው አንዱ ጸሐፊ ከሌላው ብራና ላይ በመቃና በቀለም እየገለበጠ በብዙ ወራት ድካም ነው። ስለዚህ የአንድ ገዳም ዕቃ ቤት በእሳት ሲጠፋ ሌላ ቅጂ ያልነበረው ድርሰት ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ይህም ጥፋት በእውነት ደረሰ። ከ1529 እስከ 1543 በቆየው በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ። ደብረ ሊባኖስም በ1531 የእሳት ራት ሆነ። አባ ተስፋ ጽዮን ሮም የገቡት በዚሁ መከራ ዘመን፣ በ1530ዎቹ ዓመታት ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በነበረውና ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች በሚያርፉበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀመጡ። አውሮፓውያንም ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ እያሉ ይጠሩአቸው ነበር።

የግዕዝ ኅትመት ከእርሳቸው በፊት በሮም ተጀምሮ ነበር። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ከተማ ካህን ግዕዝን ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳትሟል። ነገር ግን በዚያ ሥራ አሳታሚው አውሮፓዊ፣ ኢትዮጵያዊው መምህር ነበሩ። አባ ተስፋ ጽዮን ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈው ሥራውን ራሳቸው ዐሰቡ፤ ራሳቸው መሩ። ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ የተባሉ ሁለት መነኮሳትም የድካማቸው ተካፋዮች ሆኑ።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት የማተሚያ ቤቱን ሙያ ማሰብ ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል 26 መሠረታውያን ሆሄያት አሉት፤ እነዚህ በሰባት መልክ ሲጻፉ 182 ይሆናሉ፤ 20ው ዲቃላ ሆሄያትና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ከሁለት መቶ ያልፋሉ። ለእያንዳንዱ መልክ ቅርጽ ማውጣት፣ ከቅርጹም እርሳስ እያቀለጡ ፊደሉን ማብዛት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ፊደል ለቃሚው አንድ በአንድ እያነሣ ቃሉን በተገላቢጦሽ ይደረድራል። በቫሌሪዮ ዶሪኮ ማተሚያ ቤት የነበሩት ለቃሚዎች ግን ግዕዝ ማንበብ አያውቁም ነበር። ለማያነብ ዓይን ለ ከሰ፣ ከ ከኩ የሚለየው በጥቂት ጭረት ብቻ ነው። መነኮሳቱም በበኩላቸው ማንበብን እንጂ ማተምን አልተማሩም።

ከዚህም ሌላ የምንጭ ችግር ነበር። በእጃቸው የነበረው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ ጎዶሎ ስለ ሆነ አብዛኛውን ክፍል ከላቲንና ከጽርዕ ለመተርጐም ተገደዱ። ለኅትመቱም ወጪና ለላቲኑ ጽሑፍ ወዳጅ ያስፈልጋቸው ነበር። የአሬዞው ሰው ፒየር ፓውሎ ጓልቲየሪ ረዳቸው፤ ኋላ በ1555 ለጥቂት ቀናት ጳጳስ የሆነው ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒም ደጋፊያቸው ነበር። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲባል፤ ወንጌላትን የያዘው የመጀመሪያው ክፍል በ1548፣ የጳውሎስ መልእክታት በ1549 ታትመው ወጡ። በዚሁ በ1549 የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የቅዳሴ ሥርዓት በእርሳቸው ጥረት በላቲን ታትሟል። በዚህም አውሮፓውያን ስለ ኢትዮጵያውያን ሃይማኖት ከወሬ ይልቅ ከመጽሐፍ የሚረዱበት በር ተከፈተ።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው አባ ተስፋ ጽዮን በሐዲስ ኪዳኑ ውስጥ ለአንባቢ የተዉት የራሳቸው ቃል ነው። አታሚዎቹ ቋንቋውን፣ እነርሱም ኅትመቱን አለማወቃቸውን አልሸሸጉም፤ ሁለቱን ወገን በመንገድ በሚደጋገፉ ዕውሮች መስለው ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ለመኑ። የግብረ ሐዋርያት ክፍል በሮም መተርጐሙንም ገለጡ። በዚህ ሥራ የብራናው ጸሐፊ ልማድ ወደ ማተሚያ ቤት ተሻገረ ብንል ማጋነን አይሆንም። ስማቸውን ያኖሩት ውዳሴ ለማግኘት ሳይሆን ተጠያቂ ለመሆን ነው። ስም ከንስሓና ከጸሎት ልመና ጋር ሲቀመጥ ትሕትናን አያፈርስም፤ እንዲያውም ስሙን የሸሸገ ደራሲ ስሕተቱንም ለመሸሸግ ይመቸዋል።

ስሕተቱ በእርግጥ ነበረ። በ17ኛው መቶ ዓመት ታላቁ የግዕዝ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የዚህን ኅትመት ጉድለቶች ገልጧል። ይሁን እንጂ በ1657 በለንደን በተፈጸመው በብዙ ቋንቋዎች በተዘጋጀው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የገባው የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ይኸው የሮሙ ነበር። ከአባ ተስፋ ጽዮን ዘንድ ግዕዝ የተማረው ማሪያኖ ቪቶሪም በ1552 የግዕዝ ሰዋስው መጽሐፍ አሳትሟል። ስለዚህ ጎዶሎው መጽሐፍ ለትምህርት መሠረት ሆነ፤ ጉድለቱን ያገኙትም ሊቃውንት ያገኙት መጽሐፉ ታትሞ በእጃቸው ስለ ገባ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። እሳት ያየ ሰው መጽሐፍ እንዲበዛ ይተጋል፤ የባልንጀራውን ሙያ ለመለመን አያፍርም፤ ሥራው ፍጹም እስኪሆን ድረስ በሣጥን ዘግቶ አያቈየውም። የሚያውቀውን ሁሉ ለማረም ደክሞ፣ የቀረውን ለአንባቢ አስታውቆ፣ ከስሙ ጋር ያወጣዋል። አባ ተስፋ ጽዮን አንባቢን የለመኑት ይቅርታንና ጸሎትን ብቻ ነበር። እኛም ያንን መጽሐፍ ስናስብ ስሕተቱን ከመቁጠር በፊት የተለመንነውን ልንሰጥ ይገባናል።