ገና፤ የላብና የፍሥሓ ጨዋታ

የደጋው ገበሬ እህሉን አጭዶ ሲከምር፣ ሰማዩም በታኅሣሥ ብርድ ሲጠራ፣ ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ በዓለ ልደት ድረስ በየመንደሩ መስክ ይሰማ የነበረው የዱላና የእሩር ድምፅ፣ አባቶቻችን ለሰውነታቸው ብቻ ሳይሆን ለልቡናቸውም መድኃኒት ያበጁበት የቈየ ጥበብ ነበረ ብዬ አምናለሁ።

ትውፊቱ ጨዋታውን ከቤተ ልሔም እረኞች ያመጣዋል፤ የጌታን መወለድ ከመላእክት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በመንጋ መጠበቂያ በትራቸው ተጫወቱ ይባላል። ነገሩ በታሪክ ሚዛን የሚመዘን ባይሆንም፣ ፍሥሓ በአንደበት ብቻ ሳይሆን በእግርና በክንድም እንደሚገለጥ ሕዝቡ ማወቁን ስለሚያስረዳ በቸልታ አላልፈውም።

መሣሪያው ጥቂት ነው፤ ጫፉ ቈልመም ያለ የገና ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበ ወይም ከጠፍር የተጎነጎነ እሩር የሚባል ኳስ፣ እህሉ የተነሣለት ሰፊ ሜዳ። የተጫዋቹ ቍጥር አይወሰንም፤ የመንደሩ ወንድ ለሁለት ተከፍሎ፣ እሩሩ በተመታ ቍጥር ደረቱ እስኪቃጠል ይሮጣል፤ እሩሩ ከሣር መካከል ሲሰወር ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ወዲያው ደግሞ በሙሉ ኀይሉ ይፈተለካል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው መኸሩን ሙሉ ጐንበስ ብሎ ሲያጭድ የከረመ ጾመኛ መሆኑን ሳስብ እጅግ እደነቃለሁ። የአዝመራ ሥራም ላብ ያፈሳል፤ ነገር ግን ያ ላብ የግብርና የዕዳ ላብ ስለሆነ፣ አሳብ ከባለቤቱ ጋር ማጭድ ይዞ ይውላል። በገና ሜዳ ግን እሩሩ እየተወነጨፈ ሲመጣ ስለ ዕዳው የሚተክዝ ሰው ቅልጥሙን ይመታልና፣ ትካዜ ወዶ ሳይሆን ተገድዶ ከልቡ ይለያል። በዚህም ላይ ሎሌው ጌታውን ገፍቶ ቢጥለው፣ ድል ካደረገውም በኋላ በግጥም ቢሰድበው፣ ጌታ እንዳይቈጣ ልማድ አስሮታል፤ ዓመቱን ሙሉ አንገት በመድፋት የታመቀው ቅሬታ በዚያ ሩጫ ውስጥ መውጫ በር ያገኝ ነበር።

ሩጫው ልብን የሚያቀልበት የሥጋ ምክንያትም ሳይኖረው አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በኢየሩሳሌም የሚሠሩ ሊቃውንት ከአንጎል ለይተው ያወጡትን አንድ ንጥረ ነገር፣ በሳንስክሪት ቋንቋ ፍሥሓ ማለት ከሆነው ቃል ወስደው አናንዳማይድ ብለው ሰየሙት፤ ይህም ንጥረ ነገር ሰው ከሮጠ በኋላ በደሙ ውስጥ እንደሚበዛ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አገኙ። የሐዘንተኛ ልብ የሚቀልበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ጓደኝነቱም፣ ሳቁም፣ ከጨዋታው በኋላ የሚመጣው ግብዣም ድርሻ አላቸውና።

ለገና ግን በከተማ ተፎካካሪ መጣበት፤ በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ቡድን በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ የከተማው ወጣት ልብም ከዓመት ወደ ዓመት ወደ አዲሱ ጨዋታ አዘነበለ። ሜዳው በመስመር ተከበበ፣ ተጫዋቹ በየወገኑ 11 ሆነ፣ የቀረው ሕዝብ ዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ። ገናም በከተማው በጃን ሜዳ የበዓል ትርኢት ሆኖ ቀረ። በቀድሞው የመንደር መስክ ግን ልቡ የከበደው ጎረምሳ ዱላውን ቈርጦ በመጣ ጊዜ፣ ከየትኛው ወገን እንደሚቆም ይነገረው ነበር እንጂ ዳር ቁም የሚለው አልነበረም።