የግምጃ ቤቱ ቁልፍ፦ ድርድርን በረዳት ዘዴዎች የመጠበቅ ልማድ አጭር ታሪክ

የፕሮግራም ሥራን የሚማር ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚተዋወቃቸው የመረጃ መዋቅሮች አንዱ ድርድር ነው። ድርድር አንድ ዓይነት የሆኑ መረጃዎችን በተራ ቁጥር አሰልፎ የሚይዝ በመሆኑ ለመረዳትም ሆነ ለመጠቀም ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ድርድሩ በአንድ ኦብጀክት ውስጥ እንደ ባሕርይ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ይዘቱን ማን ሊያይ፣ ማንስ ሊለውጥ ይገባዋል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ ጥያቄ ሙያው የሰጠው መልስ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በተለያዩ አገሮችና በተለያዩ ቋንቋዎች ደረጃ በደረጃ የተገነባ፣ አንዳንድ ጊዜም ተዘንግቶ ዋጋ ካስከፈለ በኋላ እንደገና የተቀሰመ ትምህርት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ “ኮርስ” የተባለ አንድ ክላስ የተመዘገቡትን ተማሪዎች በድርድር፣ ብዛታቸውን ደግሞ በቁጥር ይዟል እንበል። ክላሱ ድርድሩን ለጠየቀው ሁሉ እንዳለ አሳልፎ የሚሰጥ ከሆነ፣ ተቀባዩ አንዱን ስም ሊሰርዝ፣ ሌላውን ሁለት ጊዜ ሊያስገባ ይችላል፤ ብዛቱን የሚናገረው ቁጥር ግን ስለ ለውጡ የሚያውቀው ነገር አይኖርም። በአንጻሩ ክላሱ ድርድሩን ለራሱ አስቀርቶ “መዝግብ”፣ “ሰርዝ”፣ “ብዛት” እና “ተመዝግቧል ወይ” የሚሉ ረዳት ዘዴዎችን ቢያቀርብ፣ እያንዳንዱ ለውጥ በሥርዓት ይፈጸማል። ይህ አሠራር በመሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ከሚታወቀው የተለየ አይደለም። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣም በሞዴል 22 ይመዘገባል እንጂ ቁልፉ ለጠየቀ ሁሉ አይታደልም። ቁልፉ በብዙ እጅ ከዞረ በኋላ ቆጠራ ቢጎድል፣ ጉድለቱ በማን እንደ ደረሰ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ይሆናል።

የኦብጀክት ተኮር ፕሮግራም አጻጻፍ መነሻ የሆነው ሲሙላ 67 በኦስሎ በሚገኘው የኖርዌይ የኮምፒዩተር ማዕከል በኦሌ ዮሐን ዳል እና በክሪስተን ኒጎር የተዘጋጀ ቋንቋ ነው። ሲሙላ ክላስንና ኦብጀክትን ለዓለም ቢያበረክትም፣ በመጀመሪያው መልኩ የኦብጀክቱን ባሕርያት ከውጭ የሚሸሽግበት መንገድ አልነበረውም፤ ማንኛውም የፕሮግራሙ ክፍል የነጥብ ምልክት ተጠቅሞ ወደ ውስጥ ሊደርስ ይችል ነበር። መሸሸጊያዎቹ የተጨመሩት ቆይተው በ1970ዎቹ ነው። ሆኖም ከቋንቋው ጋር የቀረበው ሲምሴት የተባለው ክላስ፣ ወረፋንና ዝርዝርን ለመያዝ “አስገባ”፣ “አውጣ”፣ “የመጀመሪያው”፣ “ባዶ ነው ወይ” እና “ብዛት” የሚል ትርጉም ያላቸውን ዘዴዎች ይዞ ነበር። ተጠቃሚው የዝርዝሩን ማያያዣዎች በራሱ እጅ መቀጠል ሳያስፈልገው በእነዚህ ዘዴዎች ብቻ መሥራት ይችል ነበር። ስለዚህ ሕጉ ገና ሳይጻፍ ልማዱ ተጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ልማዱን ወደ መርሕ ደረጃ ያደረሰው ዴቪድ ፓርናስ ነው። ፓርናስ በታኅሣሥ 1972 የኤሲኤም ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድን ፕሮግራም በሁለት መንገድ ከፋፍሎ አነጻጸረ። ፕሮግራሙ የተሰጡትን የጽሑፍ መስመሮች ቃላቸውን እያዟዟረ በፊደል ተራ የሚያስቀምጥ ነበር። በመጀመሪያው አከፋፈል ሁሉም ክፍሎች መስመሮቹ በሜሞሪ ውስጥ እንዴት እንደ ተቀመጡ ያውቁ ነበር። በሁለተኛው ግን መስመሮቹን የሚይዘው አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ሌሎቹ ፊደል ለማንበብ፣ ፊደል ለማስቀመጥና ቃላትን ለመቁጠር በተዘጋጁ ዘዴዎች በኩል ብቻ ይጠይቁ ነበር። ፓርናስ እንዳሳየው፣ የአቀማመጡ ስልት ቢለወጥ በመጀመሪያው አከፋፈል ለውጡ ወደ ሁሉም ክፍሎች ይዛመታል፤ በሁለተኛው ግን በአንዱ ክፍል ውስጥ ተወስኖ ይቀራል። ደራሲው የዘዴውን ዋጋም አልሸሸገም። ጥንቃቄ ካልተደረገ ሁለተኛው አከፋፈል በጥሪዎች ብዛት የተነሣ እጅግ ሊዘገይ እንደሚችል በግልጽ ጽፏል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ባርባራ ሊስኮቭ እና ስቲቨን ዚልስ ረቂቅ የመረጃ ዓይነት የሚባለውን ሐሳብ አቀረቡ። ከዚሁ ሐሳብ ሲኤልዩ የተባለው ቋንቋ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተወለደ። በጽሑፋቸው ለምሳሌነት የተጠቀሙበት ቁልል በውስጡ የድርድርና የቁጥር ጥምር ነበር። ከውጭ ግን የሚታየው ለመጨመር፣ ለማንሣትና ባዶነትን ለመጠየቅ የሚያገለግለው ዘዴ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር ተከሠተ። ድርድሩ ከተሸሸገ፣ ተጠቃሚው ይዘቱን አንድ በአንድ ለማየት ሲፈልግ ምን ያድርግ? ሲኤልዩ የሰጠው መልስ ኢተሬተር የተባለው ልዩ ዘዴ ነው። ኢተሬተር ድርድሩን አያስረክብም፤ በውስጡ ያሉትን ነገሮች በየተራ እያወጣ ያቀብላል። በግምጃ ቤቱ ምሳሌ ሲታይ፣ ጠያቂው በመስኮት በኩል ይስተናገዳል እንጂ ወደ መደርደሪያው አይገባም ማለት ነው።

በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል የተዘጋጀው ስሞልቶክ 80 ይህንኑ መንገድ በራሱ ስልት ተከትሏል። በስሞልቶክ የኦብጀክት የውስጥ ባሕርያት ከውጭ በቀጥታ ሊነኩ አይችሉም፤ መግቢያው መልእክት መላክ ብቻ ነው። የስብስብ ክላሶቹም ለእያንዳንዱ አባል አንድን ተግባር የሚፈጽሙ፣ አባላትን የሚመርጡና የሚያጣሩ ዘዴዎችን አሟልተው ቀረቡ። ነገር ግን ቋንቋው ባሕርይውን ቢሸሽግም፣ ፕሮግራመሩ ስብስቡን እንዳለ የሚመልስ ዘዴ ከጻፈ ጥበቃው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ኬንት ቤክ በ1990ዎቹ አጋማሽ ስለ ስሞልቶክ የአጻጻፍ ልማዶች ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ ስብስቡን ከማስረከብ ይልቅ ሥራውን በስም የሚጠሩ ዘዴዎችን ማቅረብ እንደሚበጅ መክሯል።

ምክሩ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበረ በ1997 በገሃድ ታየ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በዚያ ዓመት ባወጣው የጃቫ 1.1 እትም፣ ከኢንተርኔት የሚመጡ አፕሌት የተባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጡ የሚያደርግ ሥርዓት ተካቶ ነበር። የታመነ ሰው የፈረመበት ፕሮግራም ሰፊ ሥልጣን ሲያገኝ፣ ያልታመነው በጠባብ ክልል ታግዶ ይሠራል። እያንዳንዱ ክላስ የፈራሚዎቹን ስም በድርድር ይዞ ሲቀመጥ፣ ስሞቹን ለማወቅ የሚያገለግል አንድ ዘዴ ነበር። ይህ ዘዴ የሚመልሰው የድርድሩን ቅጂ ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ የሚተማመንበትን ዋናውን ድርድር ነበር። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ አንድ አፕሌት የራሱን የፈራሚዎች ድርድር ተቀብሎ፣ በውስጡ የታመነ ሌላ ሰው ማንነት በመተካት ያልተሰጠውን ሥልጣን ሊወስድ ይችል ነበር። የፊርማው ሒሳብ አልተሰበረም፤ የተሰበረው የድርድሩ ጥበቃ ነው። መፍትሔውም የድርድሩን ቅጂ መመለስ ብቻ ሆነ።

ከዚህ ክስተት የሚወሰደው ትምህርት ጥልቅ ነው። በጃቫም ሆነ በመሰል ቋንቋዎች አንድን ባሕርይ “የግል” ብሎ ማወጅ የሚጠብቀው የባሕርይውን ስም እንጂ ድርድሩን ራሱን አይደለም። “የማይለወጥ” ብሎ ማወጅም ባሕርይው ሌላ ድርድር እንዳይይዝ ይከለክላል እንጂ፣ በያዘው ድርድር ውስጥ ያሉት ነገሮች እንዳይለወጡ አያግድም። የድርድሩ አድራሻ አንዴ ከወጣ፣ በር መዝጋቱ ከንቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄው በቋንቋዎቹና በመጻሕፍቱ ውስጥ ቦታ አገኘ። በታኅሣሥ 1998 የወጣው ጃቫ 1.2 ሊታዩ እንጂ ሊለወጡ የማይችሉ የስብስብ መልኮችን አቀረበ። በ1999 ማርቲን ፋውለር ፕሮግራምን ስለ ማሻሻል በጻፈው መጽሐፍ፣ ስብስብን በክላሱ ውስጥ ሸሽጎ የመጨመሪያና የማስወገጃ ዘዴዎችን መስጠትን ራሱን የቻለ የማሻሻያ ርምጃ አድርጎ ሰየመው። በ2001 ደግሞ ጆሹዋ ብሎክ በጃቫ መጽሐፉ፣ ሲቀበሉም ሆነ ሲሰጡ ቅጂ መሥራትን እንደ መመሪያ አስፍሯል። በ2015 የመጀመሪያ ቋሚ እትሙ የወጣው ረስት የተባለው ቋንቋ በበኩሉ ከዚህ አልፎ፣ በውሰት የተሰጠን ነገር ማን መለወጥ እንደሚችል ፕሮግራሙ ገና ሳይሠራ እንዲመረመር አድርጓል።

ሆኖም ረዳት ዘዴ ሁሉ ያለ ልክ ይብዛ ማለት አይደለም። “በ7ኛው ቦታ አስቀምጥ” የሚል ዘዴ ድርድሩን በሌላ ስም ከማስረከብ ብዙም አይለይም፤ “ተማሪ መዝግብ” የሚለው ግን ሥራውንና ሕጉን አብሮ ይይዛል። ትልቅ ድርድርን በየጥሪው መቅዳትም ጊዜና ሜሞሪ ይበላል፤ ቅጂው ላይኛውን ሽፋን ብቻ የሚገለብጥ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያሉት ኦብጀክቶች እንደ ተጋሩ ይቀራሉ። ስለሆነም በየጊዜው የሚመዘነው፣ ድርድሩን ከማስረከብ የሚገኘው ምቾት ወይስ ሕጉን ከማስጠበቅ የሚገኘው እምነት ይበልጣል የሚለው ነው።

ከኦስሎ እስከ ፕሪንስተን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የታየው ታሪክ የሚያስረዳው፣ ስሕተቱ የተደጋገመው ነገሩ ከባድ ስለ ነበረ ሳይሆን እጅግ ቀላል መስሎ ስለ ታየ መሆኑን ነው። ድርድሩን የሚመልስ ዘዴ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ የሚጠብቀው ዘዴ ጥቂት መስመሮችን ይጨምራል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የእነዚያ ጥቂት መስመሮች ድካም በኋላ ከሚመጣው ጉድለት ፍለጋ እጅግ ያነሰ ነው።