የአፈር ምርመራ ታሪክና የመምህራን ድርሻ

አፈርን መመርመር ከቤተ ሙከራ ጋር የተወለደ ጥበብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የደጋው ገበሬ የማሳውን አፈር ቀይ፥ ጥቁር፥ ቡናማ ብሎ በቀለሙ ይለያል፤ ርጥቡን በመዳፉ ጨብጦ ልስላሴውን ይፈትናል፤ የሚበቅለውን አረም አይቶ የመሬቱን መድከም ይረዳል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ጥቁሩ አፈር ውኃ እንዳይቋጥር በእጅ መደብ እየሠሩ መዝራት የቆየ ልማድ ነው። በኮንሶም ተራራው በድንጋይ እርከን ተይዞ ለብዙ ትውልድ እህል ሲያበቅል ኖሯል።

ይሁን እንጂ ከቀደምት የተወረሰው ልማድ ሁሉ ጉዳት የሌለበት ነው ማለት አይደለም። በሸዋ ደጋ የሚታወቀውን ጓይ ለአብነት እንመልከት። ለረጅም ዓመታት ጦሙን ያደረ መሬት ይታረስና ጓሉ ተከምሮ እሳት ይለኮስበታል፤ ለቀናት ከጤሰ በኋላም የተቃጠለው አፈር ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። እሳቱ በአፈሩ ታስሮ የነበረውን ፎስፈረስ ስለሚፈታ የመጀመሪያው አዝመራ ያማረ ይሆናል፤ ነገር ግን የአፈሩ ሕይወት የሆነው ብስባሽ አብሮ ስለሚነድ፥ መሬቱ ከጥቂት አዝመራ በኋላ ደክሞ እንደገና ዕረፍት ይሻል። ሕዝቡ እየበዛ መሬቱ ሲጠብ ዕረፍቱ አጠረ፤ ደኑ በመመንጠሩም ወደ ማሳው መመለስ የነበረበት እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ። ከአፈሩ የሚወሰደው ሳይቀንስ የሚመለስለት አነሰ።

ለዚህ ችግር ሳይንስ ያስገኘው የመጀመሪያው ታላቅ ትምህርት ከጀርመን የመጣ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካርል ሽፕሬንግል የጀመረውን አሳብ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1840 ካሳተመው መጽሐፍ ወዲህ አስፋፋው፤ አሳቡም የሰብል ዕድገት የሚወሰነው እጅግ ባነሰው ምግብ ነው የሚል ነው። ግድብ የሚይዘው ውኃ ግንቡ ዝቅ ባለበት ልክ እንደ ሆነ ሁሉ፥ የጎደለው ሳይታወቅ ሌላውን ማብዛት ከንቱ ድካም ነው። በ1909 ደግሞ ዴንማርካዊው ሶረንሰን የኮምጣጣነትን ልክ በቁጥር የሚገልጸውን ፒኤች የተባለውን መለኪያ አቀረበ።

በምሥራቅ አፍሪካም የራሱ የሆነ ዕውቀት ተገኘ። በታንጋኒካ በአማኒ የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ጆፍሪ ሚልን፥ አፈር ከኮረብታው ራስ እስከ ሸለቆው ድረስ እንደ ሰንሰለት ተያይዞ በቅደም ተከተል የሚለዋወጥ መሆኑን በ1935 አስረዳ። ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተደቡብ የሚኖሩት የሱኩማ ገበሬዎች ግን በዚሁ ቁልቁለት ላሉት አፈሮች የየራሳቸውን ስም አውጥተውላቸዋል፤ አሸዋማውን ሉሴኒ፥ በረባዳው ያለውን ጥቁር አፈር ምቡጋ ይሉታል። ሊቁና ገበሬው በየመንገዳቸው ሄደው ከአንድ እውነት ደረሱ።

በአገራችን በ1952 በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅም ተከተለ። በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በ1967 በስዊድን እርዳታ በጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ሥራ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ማዳበሪያን በገበሬው ማሳ ላይ በሙከራ ማሳየት ያዘ። በ1971 ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብዙ ወረዳዎች የሚያዳርስ ፕሮግራም ተነሣ። ይህ ሁሉ ብዙ ምርት አስገኝቷል። ነገር ግን ለብዙ ዘመን ለገበሬው ይሰጥ የነበረው ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ ለመንደሩ ሁሉ አንድ መድኃኒት ቢያዝ ምን እንባላለን?

የዚህ ጉዳት በጎላ የሚታየው በኮምጣጣ አፈር ላይ ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው በምዕራብ ጎጃም፥ በአዊና በወለጋ ደጋዎች ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ስለሚወስድ ፒኤቹ ከ5.5 በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አሉሚኒየም ሟምቶ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱንም ያስረዋል። ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ በአፈሩ ውስጥ እንደ ታሰረ ይቀራል፤ ዕዳው ግን ይከፈላል። ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት 40 በመቶ ያህሉ ይህ ችግር እንደሚነካው ይገመታል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ሆኖም ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚያስፈልግ መጓጓዣው ይከብዳል።

በ2012 የአገሪቱን አፈር ናሙና ሰብስቦ ካርታ የማውጣት ሥራ ተጀመረ፤ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ድኝ፥ ቦሮንና ዚንክ በብዙ ቦታ ማነሳቸውም ተገለጸ። በዚህም መሠረት ቅይጥ ማዳበሪያ ታደለ፤ በየማሳው የተደረጉ ሙከራዎች ግን የተጨመረው ንጥረ ነገር ሁሉ በየስፍራው እኩል ምርት እንዳላስገኘ አሳዩ። እንግዲህ ካርታም ቢሆን የማሳውን ምስክርነት አይተካም።

የመምህራን ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሁሉ ቤተ ሙከራ ሊኖረው አይችልም፤ ናሙና በትክክል መውሰድን ግን ማንም መምህር ሊያስተምር ይችላል። ተማሪዎች የበረት ቦታን፥ የዛፍ ሥርንና የምስጥ ኩይሳን ትተው፥ ከአንድ ማሳ ከአሥራ አምስት ያህል ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ይውሰዱ፤ በንጹሕ ባልዲ ያቀላቅሉት፤ በጥላ ያድርቁት፤ ግማሽ ኪሎ ያህሉንም በከረጢት ያኑሩ። በወረቀቱ ላይ ቀኑንና ቦታውን፥ ያለፈውን ሰብልና ፍግ መግባት አለመግባቱን ይጻፉ። በመጨረሻም የማሳው ባለቤት አፈሩን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቀው ያክሉበት። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱን እርሻ በመደብ ከፍለው፥ አንዱን ባዶ፥ አንዱን በፍግ፥ አንዱን በኖራ ዘርተው ምርቱን ይመዝኑ።

ይህን የለመደ ልጅ ነገ ገበሬም ሆነ ባለሥልጣን፥ መሬትን ሳይጠይቅ አያዝዝባትም።