ፈቃዱ ግድግዳ ላይ፣ ዕዳው ተማሪው ላይ

የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጠቀሱ አይቀርም። በዚያ ወር በሁሉም የትምህርት መስኮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና 150,184 ተማሪዎች ወስደው ያለፉት 61,054 ብቻ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተፈትነው 48,632 (62.36 በመቶ) ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት 72,203 ተፈትነው ያለፉት 12,422 (17.2 በመቶ) ናቸው። ከተፈታኙ ግማሽ ያህሉ የግል ኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ካለፈው ግን አምስተኛው እጅ ብቻ።

ብዙዎቻችን ከዚህ አኃዝ ተነስተን «የግል ኮሌጅ ነጋዴ ነው» ብለን ፈረድን። ፍርዱ ከእውነት የራቀ ነው አልልም፤ ግን ጎደሎ ነው። እነዚህ ተቋማት ያለ ፈቃድ አልተከፈቱም። ፈቃጁ ማን ነበር? ሲፈቅድስ ምን ይመለከት ነበር? ለዚህ መልስ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል።

በአገራችን መንግሥታዊ ያልሆነ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ዛሬ ከምናውቀው ንግድ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1958 የኮምቦኒ መነኮሳት በአስመራ የቅዱስ ቤተሰብ ኮሌጅን ከፈቱ። መነኮሳቱ የትምህርታቸውን ደረጃ ራሳቸው መስክረው አልተቀመጡም፤ ከጣሊያን የዩኒቨርሲቲ ባለሥልጣናት ዕውቅና ጠየቁ፣ አገኙም። ተቋሙ በ1968 የዩኒቨርሲቲነት ማዕረግ ደረሰ። የመጀመሪያው የግል ተቋማችን ጥራቱን በሌላ ዓይን ለማስመርመር ፈልጎ መነሳቱን ልብ ይሏል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1975 የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ፤ የአስመራው ዩኒቨርሲቲም በመንግሥት እጅ ገባ። የግል ተቋም በሌለበት ተቆጣጣሪ አያስፈልግምና፣ ባለቤቱም ገምጋሚውም አንድ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በጦርነቱ ምክንያት ወደ አጋርፋ ሲሰደድ፣ ከእርሱ ጋር የተጠነሰሰው የደረቅ አካባቢ ግብርና ትምህርት ከብዙ መንከራተት በኋላ በ1993 መቀሌ ላይ በ42 ተማሪዎች ሥር ሰደደ። ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ መሠረቶች አንዱ ይህ ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሩን ለግሉ ዘርፍ ዳግም ከፈተ። ዩኒቲና ቅድስት ማርያምን የመሳሰሉት በአዲስ አበባ ቀደሙ፤ መቀሌም እንደ ሳባ ያሉ ኮሌጆችን አየች። ተቆጣጣሪው ግን ዘግይቶ ደረሰ። የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 351 ነው። ሲመጣም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መጣ። ለግል ተቋማት ዕውቅና ሲሰጥና ሲነፍግ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ያለ እርሱ ፈቃድ በደንብ እየተቋቋሙ ተማሪ ይቀበሉ ነበር። የጥራት ኦዲት ቢደረግባቸውም በር የሚያዘጋ አልነበረም። ኤጀንሲው ተጠሪነቱ ለትምህርት ሚኒስቴር ነበርና፣ ተወዳዳሪውና ዳኛው በአንድ ጣራ ሥር ያድሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ቁጥጥሩስ ምን ይቆጥር ነበር? ክፍል፣ መጽሐፍ፣ ኮምፒዩተር፣ የመምህራን የትምህርት ማስረጃ። እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት በመቀሌ በአንድ የግል ኮሌጅ ማታ ማታ አስተምር ነበር። የማስተርስ ዲግሪዬ ቅጂ በኮሌጁ ፋይል ውስጥ «የሙሉ ጊዜ መምህር» ተብሎ ተቀምጧል፤ የሙሉ ጊዜ ሥራዬ ግን ሌላ ቦታ መሆኑን እኔም ኮሌጁም እናውቃለን። ፈርሜያለሁ። ተቆጣጣሪዎች በሚመጡበት ሳምንት መደርደሪያው በተውሶ መጻሕፍት ይሞላል፤ ሲሄዱ መጻሕፍቱም ይሄዳሉ። ከፊት ወንበር ላይ ግን የቀን ሥራውን ጨርሶ፣ ከደመወዙ ቆርሶ ከፍሎ፣ እንቅልፉን እየታገለ የሚጽፍ ተማሪ ተቀምጧል። ያን ፊርማ ሳስታውስ የሚታየኝ የኮሌጁ ባለቤት ሳይሆን ያ ተማሪ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ እርሱን ከምንም አላስጣለውም።

መንግሥት ችግሩን ባየ ጊዜ የወሰደው እርምጃ ደግሞ ዱላ ነበር። በ2002 ዓ.ም. መገባደጃ የርቀት ትምህርት በጠቅላላ እንዲቆም፣ የሕግና የመምህርነት ትምህርትም በግል ተቋማት እንዳይሰጥ መመሪያ ወጣ። የርቀቱ እገዳ ብዙም ሳይቆይ ላላ። ደካማውና ብርቱው ተቋም ግን በአንድ ዱላ ተመትተዋል። አንድን ኮሌጅ በስሙ ጠርቶ «ይህ ጉድለት አለብህ» ማለት ማስረጃ ይጠይቃል፤ ሁሉንም መከልከል ግን ደብዳቤ ብቻ ይበቃዋል።

አሁን ወደ 17.2 በመቶ እንመለስ። ይህ አኃዝ ሁለት ነገሮችን ደባልቆ ይዟል፤ ኮሌጁ ያስተማረውንና ተማሪው ይዞት የገባውን። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በ12ኛ ክፍል ውጤት ቅድሚያ ይመርጣል፤ የቀረው ከፍሎ ይማራል። መቀሌ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል። ከጥቅምት 2013 ጦርነቱ እስኪነሳ የተማረ፣ ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የተመለሰ ተማሪ፣ መሐል ላይ የባከኑበትን ዓመታት የሚቆጥርለት የመልስ ወረቀት የለም።

ይህን ስል የመውጫ ፈተናው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ የተውሶ መጽሐፍ ሊደብቀው ያልቻለውን ገመና ገልጧልና። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ተማሪው ሲወድቅ ዲግሪውን ያጣል። ያስከፈለው ኮሌጅ ምን ያጣል? የፈቀደው መሥሪያ ቤትስ? በሐሰት የፈረምነው መምህራንስ? የዛሬው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የየተቋሙን ውጤት ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ሊያየው በሚችልበት ቦታ በየዓመቱ ቢያወጣ፣ የመምህራንን ስም በተቋማት መካከል ቢያመሳክር፣ የመንግሥቱንም የግሉንም በአንድ ሚዛን ቢያስቀምጥ፣ እንደ እኔ ያለ ፊርማ አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

የአስመራ መነኮሳት ከስድሳ ዓመት በፊት «መርምሩን» ብለው ጠየቁ። እኛ ዛሬም የምንመረምረው ከፍሎ የተማረውን ልጅ ብቻ ነው።